የማንነካው ጣና

በዚህ ገጽ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ምርጫና ስለ ፌዴራሊዝም ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ስለ ጨዋታ ልጽፍ ነው። «አገር በእሳት እየነደደች ምን ጨዋታ አለ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የተቀሰቀሰው ጦርነት ምን እንዳደረሰ ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ነገሩ ወደ መሬትና ወደ ሥልጣን ስለሚያመራ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

ጨዋታው ካይት ሰርፊንግ ይባላል። ተጫዋቹ እግሩን በአጭር ሳንቃ ላይ ያሳርፋል፤ ከወገቡ ትጥቅ የተነሡ፣ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝሙ ገመዶች አየር ላይ የተንሳፈፈ ቅስት ሸራ ይይዛሉ፤ ነፋሱ ሸራውን፣ ሸራው ሰውየውን ይጎትታል። ሞተር የለ፣ ነዳጅ የለ! ሸራው ውኃ ላይ ሲወድቅ እንዳይሰምጥና እንደገና እንዲነሣ ጠርዙ በአየር እንዲነፋ ያደረጉት ብሩኖና ዶሚኒክ ሌጌንዩ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ሲሆኑ፣ የፈጠራ መብታቸውን ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ ጨዋታው በማርሴይ ባሕር ላይ የፓሪስ ኦሊምፒክ ውድድር ሆኖ ቀረበ። የእኛ ዐይን በዚያ ሰሞን ታምራት ቶላ ላይ ነበር፤ ይገባልም። ልጄ ግን ሸራዎቹን ፈዝዛ ካየች በኋላ «አባዬ፣ ይኼ ጣና ላይ ለምን አይኖርም?» አለችኝ። ለጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ሙያዬ ነው፤ ለዚህኛው ግን አንድ ዐረፍተ ነገር አልበቃኝም።

እኔ ጨዋታውን በአካል ያየሁት ለዶክትሬት ጥናት እንግሊዝ አገር በነበርኩበት ዘመን፣ ፑል በምትባል የደቡብ ጠረፍ ከተማ ነው። የፑል ወደብ እጅግ ሰፊ ሆኖ ሳለ አማካይ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ወደ ባሕሩ የሚያስወጣው በር ጠባብ በመሆኑ የውጭው ሞገድ አይደርስበትም፤ ውኃው እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። ባሕሩ ይሞላል፣ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ የሰዓት ሠንጠረዥ ይዞ ይመጣል። በብርዱ ወራት የውኃው ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ከአንገት እስከ እግር በወፍራም የጎማ ልብስ ይታሸጋሉ። እኔ በካፖርቴ ውስጥ እየተንቀጠቀጥኩ እነርሱን ማየቱ ብቻ በቂዬ ነበር።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ብርዱ አይደለም። ከውኃው አጠገብ ሳንድባንክስ የሚባል ልሳነ ምድር አለ፤ የቤት ዋጋው በዓለም ውድ ከሚባሉት ጠረፎች ተርታ የሚሰለፍ ነው። ይሁንና በእነዚያ ባለጸጎች ቤት ትይዩ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ሸራውን ሲነፋ «ምን ልታዘዝ?» የሚለው የለም። ወደብ አስተዳዳሪዎቹም ለባለ ሸራዎች የተለየ የውኃ ክልል አበጅተውላቸዋል። (እንግሊዝ ጻድቅ አገር ናት ማለቴ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የውኃ ኩባንያ ፍሳሽ ወደ ወንዝና ባሕር በመልቀቁ 90 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቷል።)

ወደ ጣና እንመለስ። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር ያህል ነው። ከቀትር በኋላ የብሱ ከውኃው ይልቅ ስለሚግል ከሐይቁ ወደ ዳር ነፋስ ይነሣል። የጎማ ልብስ የሚያሻው ብርድ የለም። ከባሕር ወለል 1,786 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ሳስቶ የነፋሱ ጉልበት ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል፤ ይህም ተለቅ ባለ ሸራ የሚካካስ ነው። ተፈጥሮ ከበቂ በላይ አድላናለች።

በጨረቃ የሚሞላና የሚሸሽ ባሕር የለንም፤ የእኛ ሐይቅ የሚሞላው በክረምት ዝናብ ነው፤ የሚሸሸውም በበጋውና በሰው እጅ ነው። በ1988 ዓ.ም. በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የውኃው ልክ ከኤሌክትሪክ ፍላጎት ጋር ተቆራኘ። በ1995 ዓ.ም. ድርቁና ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውኃ ተደምረው ሐይቁ ክፉኛ ስለወረደ የመርከብ ጉዞ ተስተጓጎለ፤ በተገለጠው ዳርቻ ገበሬ አረሰ፣ ደንገሉም ተመነጠረ። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተጨመረ። መብራት አያስፈልግም የሚል ሰው የለም፤ እኔም ይህን የምጽፈው በመብራት ነው። ነገር ግን በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የዳርቻው ሰው ተጠይቆ ያውቃል ወይ?

ዳርቻውስ የማን ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በተግባር ግን ከዳርቻው ብዙው ክፍል በሆቴል፣ በሎጅና በመሥሪያ ቤት አጥር ተይዟል። ውኃውን ለማየት ቡና ማዘዝ አለብህ፤ የቡናው ዋጋ ደግሞ ከቡናው ይልቅ የውኃው ነው። በቅርብ ዓመታት የተሠሩት የሐይቅ ዳር መናፈሻዎችና የእግረኛ መንገዶች መልካም ናቸው፤ አላጣጥላቸውም። ነገር ግን ለመመልከትና ፎቶ ለመነሣት የተሠሩ ናቸው። አንድ ልጅ ገብቶ ዋና የሚማርበት ጥርጊያ ዳርቻ፣ ጠባቂ ያለበት፣ ነጻ የሆነ፣ ለጊዜው አላየሁም።

ቢኖርስ ልጄን አስገባት ነበር? በጣና ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት ዳርቻ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ አለ። ትሉ ወደ ቀንድ አውጣው የሚደርሰው ከሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ስለዚህ በሽታው የሐይቁ ሳይሆን የመጸዳጃና የፍሳሽ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከበታቻቸው ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይቶ፣ እናቶቻችን የሚያውቁትን ፍሬ ወደ ሳይንስ አመጣው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ያን ያህል ዕውቀት ያፈለቀች አገር ከ60 ዓመት በኋላም ለሐይቅ ዳር ልጆቿ ፕራዚኳንቴል ታድላለች። ኪኒኑ ያድናል፤ ልጁ ነገ ወደዚያው ውኃ ሲመለስ ግን እንደገና ይያዛል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታወቀው እምቦጭ አለ፤ እርሱም የሚወፍረው ከእርሻና ከከተማ በሚታጠብ ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው።

«ታዲያ የውኃ ባህል የለንም» ብለው የሚደመድሙ ምሁራን ገጥመውኛል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል ታንኳ እየጎነጎኑ ይህን ሐይቅ ሲቀዝፉ ኖረዋል። የጉማሬ ሥጋ በላችሁ ተብለው ተገለሉ፤ ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ከዳርቻው ወደ ውስጥ ተገፉ፤ ደንገሉም አብሯቸው ሸሸ። ዛሬ ታንኳቸውን በየስጦታ ሱቁ እንደ መዳፍ አሳንሰን ለእንግዳ እንሸጣለን። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ባለ ታንኳ ግን ማለዳ ተነሥቶ የቀትር በኋላው ነፋስ ሳይደርስበት ለመግባት ይጣደፋል፤ ባለ ሸራው የሚናፍቀው ነፋስ ለእርሱ የሚሸሸው ነው። የነፋሱን ሰዓት፣ የሞገዱን ጠባይ፣ ድንጋዩ የት እንዳለ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ በእኛ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን አላጋጠመኝም።

ስለዚህ የከተማችን ሹማምንት ለሚቀጥለው የዳርቻ ፕላናቸው አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ለኪራይ የማይሰጥ፣ አጥር የሌለው፣ ፍሳሽ የማይደርስበት ሁለት መቶ ሜትር ዳርቻ ይተውልን። ዋና የሚያስተምር ከየት ይመጣል ቢባል፣ ቅጥሩ ከነገደ ወይጦ ሰፈር ይጀመር፤ ደመወዙም እንደ ማንኛውም መምህር ደመወዝ በደረጃ ይሁን። የሸራውን ነገር ልጄና እኩዮቿ ዋና ከቻሉ በኋላ ራሳቸው ይጨነቁበት።