ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ?

ሚኒሶታ ውስጥ ፈቃድ አውጥተው በቤታቸው ሕፃናት የሚጠብቁ ወገኖቻችን አሉ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ጉድለት አገኘሁ ሲል «የእርማት ትእዛዝ» ይደርሳቸዋል። የማውቃቸው አብዛኞቹ የተባለውን አስተካክለው ዝም ይላሉ፤ ትእዛዙ የተሳሳተ ቢሆንም እንኳ።

ዝምታው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ማኅተም ያለበት ወረቀት ለእኛ ፍርድ ነው።

እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ በየወሩ መደረግ ያለበትን የእሳት አደጋ ልምምድ አላደረጉም ተብሎ ተጻፈባቸው። ልምምዱ ግን ተደርጓል፤ ቀኑና ሰዓቱ ደብተራቸው ላይ ሰፍሯል። ተከራከሩ ስላቸው «ተወው ልጄ፣ ከመንግሥት ጋር ምን አጨቃጨቀኝ? ነገ ፈቃዴን ቢነጥቁኝስ?» አሉኝ።

ዝም ማለት ግን ዋጋ አለው። ያልተከራከሩበት ትእዛዝ መዝገብ ላይ እንዳለ ይቀራል። ልጁን ሊያስመዘግብ የሚመጣ ሰው ደብተሩን አያይም፤ የሚያየው ትእዛዙን ነው።

የስቴቱ ሕግ መንገዱን አስቀምጧል። ትእዛዙ በደረሰ በ20 ቀን ውስጥ ኮሚሽነሩ እንደገና እንዲያየው በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። ደብዳቤው ሦስት ነገር ይያዝ፦ የቱ ክፍል እንደተሳሳተ፣ ለምን እንደተሳሳተ፣ ማስረጃው። ጥያቄው ግን ትእዛዙን አያግድም፤ እየተከራከሩም ማስተካከል ግድ ነው። ፈቃድ በቅድመ ሁኔታ ከተገደበ ወይም ከተሰረዘ ጊዜው ወደ 10 ቀን ይወርዳል፤ በአስቸኳይ ከታገደ ደግሞ 5 ቀን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። ፈቃድ ሲሰረዝ ጉዳዩ አስተዳደራዊ ዳኛ ፊት ይቀርባል። የእርማት ትእዛዝን ግን የሚያየው ያው ኮሚሽነር ነው፤ ውሳኔውም የመጨረሻ ነው። ቁጥጥሩ ይላላ አልልም፤ ሕፃናቱ የሁላችንም ናቸው። ሆኖም መዝገብ ላይ የሚቆይ ክስ ሌላ ዓይን ሊያየው ይገባል።

እስከዚያው ያለውን በር እናንኳኳ። ሕጉ በ2021 ለእነዚሁ ጠባቂዎች የቆመ እንባ ጠባቂ አቋቁሟል፤ እሱን ማማከር ይቻላል። እንግሊዝኛ የምናነብ ልጆች ደግሞ ለእናቶቻችን ግማሽ ገጽ መጻፍ አያቅተንም። እትዬ ደብዳቤያቸውን ከደብተሩ ቅጂ ጋር በ16ኛው ቀን ልከዋል። መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ የእሳቸውም ቃል አሁን መዝገቡ ውስጥ አለ።

ወረቀት ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የደረሰበትን ቀን ጻፉበት። ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።