ፉከራ የሌለው አደን

አሜሪካ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ተነስቶ ወደ ሰሜን የነዳ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዘ በኋላ ላንካስተር ይደርሳል። በፔንሲልቬንያ ደቡብ ምሥራቅ ያለ የእርሻ ምድር ነው። አሚሽ የሚባሉት ክርስቲያኖች ዛሬም በቅሎና ፈረስ ጠምደው ያርሱታል። በሐምሌ በቆሎው የሰው ቁመት አልፏል፤ አኩሪ አተሩ ጉልበት ላይ ደርሷል፤ የታጨደው አልፋልፋ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። በእርሻ መካከል ላደገ ሰው ዓይን የማይጠግበው አገር ነው።

ወደዚያ የወሰዱኝ የዘመዴ የሥራ ባልደረባ የሆኑ አዛውንት አዳኝ ናቸው። የሚያድኑት ግራውንድሆግ የሚሉትን እንስሳ ነው። ገደል ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የምናየውን የአገራችንን ሽኮኮ አወፍሮ ጭራ የጨመረበት ሰው መልኩን አገኘው ማለት ነው፤ ዝርያው ግን ከአይጥ ወገን ነው። ክብደቱ ከ2 እስከ 6 ኪሎ ይደርሳል። በጋውን ሙሉ ቅጠል እየበላ ስብ ያጠራቅማል፤ ብርዱ ሲቃረብ ጉድጓዱን ዘግቶ ይተኛል። በእንቅልፉ ወራት የልቡ ምት በደቂቃ ከ80 ወደ 5 ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ የገበሬው አኩሪ አተር የሚያልቀው ለዚያ ረጅም ክረምት ስንቅ ሲሆን ነው።

ባለ እርሻው ጉዳቱን እየዞሩ አሳዩኝ። ማሳው ዳር፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ቀላ ያለ አፈር ተከምሯል። ከቁልሉ ጎን ሰው የሚያስገባ የሚመስል ሰፊ አፍ ተከፍቷል። በዙሪያው ያለው አኩሪ አተር ቅጠሉ ተበልቶ አገዳው ብቻ ቀርቷል። ጥቂት እርምጃ አልፈው ሣሩን በእጃቸው ሲገልጡት ሌላ ቀዳዳ ታየ። ይኼኛው ከውስጥ ወደ ውጭ የተቆፈረ ስለሆነ አፉ ላይ አንድ እፍኝ አፈር እንኳ የለም። እንስሳው ጠላት ሲመጣበት የሚሰወርበት በሩ ነው። ገበሬው ከተበላው አኩሪ አተር ይልቅ የሚፈሩት ይህንን ነው። አፈር የተከመረበትን ጉድጓድ በቅሎዋ አይታ ትሸሻለች፤ ሣር የሸፈነውን ግን አታየውም። እግሯ ከገባበት ይሰበራል፤ እግሯ የተሰበረ በቅሎ ደግሞ አትድንም። በትራክተር የሚያርሱ ጎረቤቶችም ከበረታቸውና ከመጋዘናቸው መሠረት ሥር ሲቆፈርባቸው ሌላ ጣጣ አለባቸው።

አዛውንቱ ለብዙ ዘመን የተመላለሱበት እርሻ ቢሆንም ጠመንጃቸውን ከመኪና ሳያወርዱ መጀመሪያ ወደ ቤቱ ሄደው ፈቃድ ጠየቁ። ከብቶቹ የት እንደተሰማሩ፣ ልጆቹ በየትኛው ማሳ እንደሚሠሩ፣ እንግዳ ይመጣ እንደሆነ አንድ በአንድ አጣሩ። ከዚያ ብርቱካናማ ቆባቸውን አድርገው ከታጨደው አልፋልፋ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ተኙ። አጉሊ መነጽር የተገጠመለት 223 ካሊበር ጠመንጃቸውን አጠገባቸው አጋድመው፣ ባይኖኩላራቸውን ይዘው የማሳውን ዳር በዝግታ ይቃኙ ጀመር። ግራውንድሆግ የሚወጣው ጠዋትና አመሻሽ ላይ ነው። በኋላ እግሩ ቆሞ ዙሪያውን ያያል፤ ከደነገጠ ያፏጭና በአንድ አፍታ ጉድጓዱ ይገባል።

የመጀመሪያው ብቅ ያለው ኮረብታው ጫፍ ላይ ነበር። ቀና ብሎ ቆሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አዛውንቱ ግን ጠመንጃውን እንኳ አልነኩትም። ከኋላው ሰማይ ብቻ ነበራ። «ከኋላው አፈር ከሌለ ጥይቴ የት እንደሚያርፍ አላውቅም» አሉኝ። የዚህ አደን ሕግ ሁሉ በዚህ ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ከኮረብታው ማዶ ሰው ይኖራል፣ ከብት ይግጣል፣ ልጅ ይሮጣል።

ሁለተኛው 150 ሜትር ያህል ርቆ ከዳገቱ ግርጌ ወጣ። ከኋላው የዳገቱ አፈር ነበር። አንድ ጥይት ተተኮሰ፣ እንስሳው ባለበት ቀረ። ወርደን አየነው። ነጫጭ የፊት ጥርሶቹ ረጃጅም ናቸው፤ እነዚህ ጥርሶች ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ። ጥፍሮቹ መሐል እርጥብ አፈር ተሰግስጓል። አዛውንቱ ወዲያው መሞቱን ካረጋገጡ በኋላ ነው የተናገሩት። በሚያዝያና በግንቦት፣ እናቲቱ ግልገሎቿን በምታጠባበት ወቅት፣ ፈጽሞ አይተኩሱም፤ ጉድጓድ ውስጥ በረሃብ የሚያልቅ ግልገል በሕሊናቸው እንዲኖር አይፈልጉም። ይህ ራሳቸው ለራሳቸው ያወጡት ደንብ ነው። ገበሬውም ጉድጓዱን ከመድፈናቸው በፊት ነዋሪ እንዳለበት ያጣራሉ፤ ግራውንድሆግ በለቀቀው ቤት ቀበሮና ጥንቸል ይገባበታልና።

ይኸው የፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር ግን ለዚሁ እንስሳ በዓል ያደርግለታል። በምዕራብ ፔንሲልቬንያ፣ ፐንክሱታውኒ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 2 ማለዳ ሕዝብ ጎብለርስ ኖብ ከተባለው ኮረብታ ላይ ይሰበሰባል። ግራውንድሆጉ ጥላውን ካየ ክረምቱ ስድስት ሳምንት ይቀጥላል፣ ካላየ ፀደይ ቀርቧል ይባላል። ልማዱን ያመጡት የጀርመን ስደተኞች ናቸው። ቀኑም ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት መታሰቢያ ነው፤ እኛ በየካቲት 8 የምናከብረው በዓለ ስምዖን ማለት ነው። ክረምቱ መቼ እንደሚያልቅ የሚጨነቀው ገበሬ ነው፤ ስለዚህ የሚያከብረውና ከማሳው የሚያባርረው ሰው አንድ መሆኑ አላስገረመኝም። ማክበሩም ማባረሩም የሚመነጩት እንስሳውን በቅርብ ከማወቅ ነው።

በእኛ ባህል አደን ሲነሳ ስመ ጥር የሚሆነው ገዳዩ ነው። አንበሳ የገደለ፣ ዝሆን የጣለ ተፎክሮለታል፣ ተሸልሟል። እህል ጠባቂው ግን ስም የለውም። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ገብሱን ከጭላዳ ሲከላከል የሚውለው ልጅ፣ ሌሊቱን ከርከሮና ጃርት ሲያባርር የሚያድረው አባወራ በማንም አልተዘፈነላቸውም። በላንካስተር ያየኋቸው አዳኝ የእነዚህ ወገን ናቸው። ፉከራ የላቸውም፣ ግዳይ አይቆጥሩም። ከመተኮስ የበለጠ ጊዜ የሚያጠፉት በመጠየቅ፣ በመጠበቅና ባለመተኮስ ነው። ገበሬው ግን ሲሸኟቸው የጨበጧቸው እንደ ባለውለታ ነው፤ የበቅሎዋ እግር በአዛውንቱ ትዕግሥት እንደተጠበቀ ያውቃሉና። እኛም ክብሩን ለጠባቂው የምንሰጥበት ጊዜ ደርሷል። ክብሩም በቃል ብቻ መቅረት የለበትም፤ ልጁ ወንጭፉን አስቀምጦ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ጥበቃውን አዋቂዎች በተራ ይያዙለት።