ሻይ በወተት የመሰለው ውሃ

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ለእኛ «ቢች» ማለት ሐይቅ ነው። ምፅዋን የምናውቃት በአባቶቻችን ፎቶ ነው። እናም የአዲስ አበባ ልጆች ረዘም ያለ በዓል ሲመጣ የምንጨቃጨቀው የትኛው ሐይቅ ዳር እንሂድ በሚል ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ፎቶ ላይ የሚያምረው ነው። እኛ ግን ፎቶው ይቆይና ውሃው ይታይ ባዮች ነን፤ አብዛኞቻችን ዋና አንችልማ!

ቢሾፍቱ ቅርብ ናት። ከላይ ቁጭ ብሎ ባቦጋያን እያዩ ማኪያቶ መጠጣት ደግሞ መቼም ደስ ይላል። ችግሩ እነዚህ ሐይቆች የተኙት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ መሆኑ ነው። ጥቂት እንደተራመዱ መሬቱ ከእግር ስር ይጠፋል። የቢሾፍቱ ሐይቅ 80 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ሃያ ምናምን ፎቅ ማለት ነው። እንግዲህ ማኪያቶውን መጠጣት ነው።

ሐዋሳ ለወክ ነች፦ አመሻሽ ላይ ግድቡ፣ ጠዋት አሞራ ገደል ከነአሳውና ከነአባ ኮዳዎቹ። ባሕር ዳር እንኳ ስሟ ዳርቻ ሆኖ የሚጋደሙበት አሸዋ የላትም፤ ደንገል ነው ያላት። ደግሞ ጣናም፣ ዝዋይም፣ ሐዋሳም ቢልሃርዚያ የሚገኝባቸው ውሃዎች ናቸው። ትሉ ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አድጎ የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። መዋኘትም አያስፈልግ፣ እግር መንከር ይበቃዋል።

ወደ ላንጋኖ እንምጣ። ቀለሙ ሻይ በወተት ነው። መጀመሪያ ያየው ሰው «ይሄ ቆሻሻ!» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ቆሻሻ ግን አይደለም፤ ሳይዘቅጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ደለል ነው። ሶዳ የበዛበት ይህ ውሃ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመባል የታወቀ ነው። አሸዋ አለው፤ እኛ በገባንባቸው ቦታዎች ወለሉም ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። የእኛ ድምፅ ለላንጋኖ ነው።

ሆኖም ያው ቡናማነቱ ወለሉን ይደብቃል። ባለፈው በሄድንበት አንድ ሎጅ መግቢያ ከፈልን፣ ፎጣ ተሰጠን፤ ጥልቁ የት እንደሚጀምር የሚያሳይ ገመድ ግን አልነበረም። ዘበኛውን «ጋሼ፣ እስከ የት ነው የሚገባው?» ብንላቸው አንዲት ጀልባ በጣታቸው አሳዩንና «ከሷ ወዲህ ብቻ» አሉን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጀልባዋ ቦታ ቀየረች።