ኮሚክ ሳንስና የለጠፍነው የሐዘን ማስታወቂያ



ባለፈው ሴሚስተር የአንድ ወንድማችን አባት ወደ አኺራ ሲሄዱ የሐዘን ማስታወቂያውን ያዘጋጀነው እኛው የማስታወቂያ ክፍሉ ልጆች ነን። መሽቶ ስለነበር ቸኮልን። ለዒድ የልጆች ፕሮግራም የሠራነውን ፋይል ከፍተን ጽሑፉን ቀየርን፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አትመን ለጠፍን። የፋይሉ ፎንት ኮሚክ ሳንስ ነበር።

ኮሚክ ሳንስ የግዕዝ ፊደል የለውም። ኮምፒውተሩ አማርኛውን በራሱ ጊዜ በኒያላ ተካው፤ በቁቤ የተጻፈው ግን በዚያው ክብ ክብ ባለ፣ ልጅ በማርከር የጻፈው በሚመስል ፊደል ወጣ። ከላይ አማርኛው ያዝናል፣ ከታች ኦሮምኛው ይጫወታል። የወንድማችን የአገሩ ልጆች ደግሞ የሚያነቡት የታችኛውን ነው። እሱ ከቤተሰቡ ተመልሶ ሲያየው ምንም አልተናገረም። ጓደኛው ነው "በአማርኛ አዝናችሁ በእኛ ቋንቋ ትቀልዳላችሁ?" ያለን። አስበንበት አልነበረም፤ ግን ወረቀቱን ቆመን ስናየው የምንመልሰው አጣን። አውፍ እንዲለን ጠየቅነው፤ አለን፣ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ፎንቱ ያነበብነው። ቪንሰንት ኮናሬ በ1994 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ውስጥ ሲሠራ ቦብ የሚባል ለጀማሪዎች የታሰበ ፕሮግራም ያያል። በፕሮግራሙ አንድ የካርቱን ውሻ ይናገራል፤ ንግግሩ የተጻፈው ግን በታይምስ ኒው ሮማን፣ በጋዜጣ ፊደል ነው። አልገጠመለትም። የኮሚክ መጻሕፍትን የእጅ ጽሑፍ እያየ ኮሚክ ሳንስን ሠራ። እሱን የቆረቆረው ቀልድ በደረቅ ፊደል መጻፉ ነበር፤ እኛ ደግሞ ሐዘንን በቀልድ ፊደል ጻፍን። በ2012 እ.ኤ.አ. ፋቢዮላ ጃኖቲ በሰርን የሂግስ ቦዞንን ውጤት ስታቀርብ ስላይዶቿ በዚሁ ፎንት ነበሩ፤ ስለ ፊዚክሱ ሊያወራ የሚገባው ብዙ ሰው ስለ ፊደሉ አወራ።

ከመካከላችን "ከኮምፒውተሩ ይጥፋ" ያለ ወንድም አለ። አልተስማማንም። ትንሿ የላቲን ኤ በኮሚክ ሳንስ ልጅ በእጁ እንደሚጽፋት ናት፤ ክብ፣ ከጎኗ ጭረት። ቁቤ ለሚጀምር ልጅ ከመጽሐፍ ፊደል ይልቅ ይህ ይቀርበዋል። የእንግሊዝ የዲስሌክሲያ ማኅበርም ለማንበብ ለሚቸገሩ ከሚመክራቸው ፎንቶች አንዱ ነው። ለጥያቄና መልስ ውድድር፣ ለልጆች የዒድ ካርድ፣ "ጫማችሁን እዚህ አውልቁ" ለሚል ወረቀት ደስ ይላል። በትልቁ፣ በጥቂት ቃል። አንድ ገጽ ሙሉ ሲሆን ግን ዓይን ያደክማል፤ የኢፍጣር ተረኞችን ዝርዝር በእሱ ያተምን ጊዜ አይተነዋል።

አሁን ለሐዘን የተለየ ፋይል አለን። ኒያላ የላቲን ፊደልም ስላለው ሁለቱም ቋንቋ በእሱ፣ በእኩል መጠን ይጻፋል። ከመለጠፉ በፊት ኦሮምኛውን የሚያየው ያ "ትቀልዳላችሁ?" ያለን ወንድም ነው። እሺ ያለን በሁለተኛው ልመና ነው።