የእናቴ ሣጥን እጀታ

ደብረ ብርሃን በሚገኘው የወላጆቼ ቤት ውስጥ ከእኔም ከእኅቶቼም በዕድሜ የሚበልጥ አንድ የእንጨት ሣጥን አለ። እናቴ በ1955 ዓ.ም. ስታገባ ልብሷን ይዛበት የመጣችው ይኸው ሣጥን ነው። ከፍታው ከጉልበት በላይ ይሆናል፤ ርዝመቱም አንድ ሕፃን ልጅ ያስተኛል። እኔ ራሴ እንግዳ በበዛበት ሌሊት ብዙ ጊዜ በላዩ ተኝቼበታለሁ። ማዕዘኖቹ በብረታ ብረት ተለብጠዋል፤ በፊቱ መቀርቀሪያ፣ በጀርባው ሁለት ማጠፊያ፣ በግራና በቀኙ ደግሞ ሁለት እጀታ አለው። ይሁን እንጂ በልጅነቴ ከእነዚህ ሁሉ ለይቼ ያየሁት አንዳች አልነበረም፤ የማየው ቀለም ብቻ ነበር። እናቴ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ፣ ዘመን መለወጫ ሲቃረብ፣ ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች ትቀባው ነበር። እንጨቱን ከብረቱ፣ ብረቱንም ከቁልፉ ቀዳዳ ሳትለይ ሁሉንም አንድ ታደርገዋለች። አንዱን ዓመት አረንጓዴ፣ ሌላውን ዓመት ቡናማ፣ አንድ ጊዜም ከግድግዳ የተረፈ ሰማያዊ እንደ ቀባችው አስታውሳለሁ። ከቀለሙ ብዛት የተነሣ እጀታዎቹ ከሣጥኑ ጎን ጋር ተጣብቀው መነሣትና መውደቅ አቁመው ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ኬሚስትሪ ከማስተምርበት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድሁና ሣጥኑን ለማደስ አሰብሁ።

«እማዬ፣ ይህን ሣጥን ላድስልሽ» አልኋት።

«ምን ጎደለው? ከፈለግህ አንድ ጣሳ ቀለም ገዝተህ ቀባው» አለችኝ።

«ልጨምርበት ሳይሆን የተቀባውን ላነሣለት ነው» ብላት ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰችና «እንግዲህ እንደ ወደድህ» አለች። የእናቴን ጠባይ የማያውቅ ሰው ይህን ፈቃድ ነው ይለው ይሆናል። እኔ ግን ልጇ ሆኜ ሳለሁ ነገሩ እንዳልጣማት አለማስተዋሌ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሥራው የተጀመረው በብሎኖቹ ነው። ቸኩሎ ካቻቢቴ የሚሰካ ሰው የብሎኑን አናት በልቶት ይቀራል። ስለዚህ በየብሎኑ አናት ላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ የደረቀውን ቀለም በምስማር ጫፍ እየፋቅሁ አወጣሁ። ብሎኖቹ ሃያ ስድስት ስለ ነበሩ ይህ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። የእያንዳንዱን ዕቃ ብሎኖች በየራሳቸው ወረቀት ጠቅልዬ የወጡበትን ቦታ ጻፍሁባቸው።

ቀጥሎ ከተሰበረ ራዲዮ ውስጥ ያወጣሁትን ማግኔት በየዕቃው ላይ አስጠጋሁ። ማግኔት ብረትን ይስባል፤ ናስን ግን አይስብም። በመካከላቸው ቀለም ቢኖር እንኳ ብረት ከሆነ ያስታውቃል። ማግኔቱ በማዕዘኖቹ፣ በመቀርቀሪያውና በማጠፊያዎቹ ላይ አልያዘም፤ ናስ መሆናቸው ነው። ከሣጥኑ ሥር ባሉት ሁለት የብረት ቀበቶዎች ላይ መጣበቁም አላስገረመኝም። የቀኙ እጀታ ናስ ሆነ። ወደ ግራው እጀታ ሳስጠጋው ግን ማግኔቱ ከእጄ ወጥቶ ጠቅ ብሎ ተጣበቀ። «ይኸኛው ኋላ የተተካ ርካሽ ብረት ነው» አልሁና ከነቀለሙ አሮጌ ቆርቆሮና የታጠፈ ምስማር በያዘው ከረጢት ውስጥ ጣልሁት። ከረጢቱ የሚጠብቀው ቁራሌው እስኪያልፍ ነበር።

የድሮ ቀለም በደረቁ አይፋቅም። በቀድሞ ዘመን በሚሠሩ የዘይት ቀለሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ እርሳስ ይጨመር ነበር፤ እርሳስ ደግሞ በአቧራ መልክ ወደ ሰውነት ሲገባ መርዝ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ የእኅቴን ልጆች ከግቢው አራቅሁና፣ ዳግመኛ ምግብ በማይሠራበት አንድ አሮጌ ድስት ውስጥ ዕቃዎቹን በሳሙና ውኃ በዝግታ አፈላኋቸው። አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይላቀቅ ጀመር። ከአንዱ ማዕዘን በወጣው ቁራጭ ጠርዝ ላይ ሰማያዊው፣ ቡናማውና አረንጓዴው እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርበው ይታዩ ነበር። ከሁሉ በታች የነበረው ግን እኔ ፈጽሞ የማላውቀው ጥቁር ቀለም ነበር። ማን እንደ ቀባው፣ መቼ እንደ ቀባው አልጠየቅሁም። ከቀለሙ ሥር ብቅ ባለው ቢጫ ናስ ዓይኔ ተይዞ ነበርና።

ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። በጊዜ ብዛት ፊቱ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ግን ላይ ላዩን ስለሆነ በሎሚና በጨው ጥቂት ደቂቃ ቢታሽ፣ ወዲያውም በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ቢደርቅ፣ ወርቅ መሰል መልኩ ይመለሳል። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬ ሳለሁ፣ አንደኛውን ማዕዘን «በደንብ ይጥራ» ብዬ በአቼቶና በጨው ዘፍዝፌ አደርሁ። ጠዋት ባወጣው መልኩ ሮዝ ሆኖ ቆየኝ። አሲዱ ዚንኩን ከላይ ከላዩ በልቶ መዳቡን ለብቻው አስቀርቶት ነው። በላመ አመድና በጨርቅ ግማሽ ቀን አሽቼ ቢጫነቱን ብመልሰውም ያ ማዕዘን ዛሬም ከሦስቱ ወንድሞቹ ትንሽ ቀላ ይላል። የሚያውቅ ሰው ያየዋል።

በሳምንቱ አዲስ አበባ ጉዳይ ነበረኝና በዚያው መርካቶ ገብቼ ምናለሽ ተራ ደረስሁ። በዚያ ሰፈር ሰው የጣለውን ዕቃ ሌላው ፈልጎት ይመጣል፤ ያረጀ ቁልፍ፣ የተፈታ ማጠፊያ፣ በርሜል ተቆርጦ የተሠራ ምድጃ በየደጁ ተከምሯል። ሁለት ሰዓት ፈልጌ ቀኙን እጀታ እጅግ የሚመስል የናስ እጀታ አገኘሁ። ስከፍል ነጋዴው ደስታዬን አይቶ ዋጋውን ባለመጨመሩ ሳይቆጨው አልቀረም።

ደብረ ብርሃን ተመልሼ እጀታውን ለእናቴ ሳሳያት በእጇ ይዛ ገለባበጠችውና «የቀድሞውስ?» አለችኝ።

«ለቁራሌው ከረጢት ውስጥ አድርጌዋለሁ።»

ምንም ሳትመልስልኝ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከትያት ስሄድ ከረጢቱን መሬት ላይ ዘርግፋ፣ በርከክ ብላ፣ በዛገው ምስማር መካከል በእጇ ትፈልጋለች። አግኝታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «ይህን የሠሩት አባቴ ናቸው» አለች።

እኔ አያቴ ገበሬ ነበሩ ሲባል ነው ያደግሁት። ለካ ብረት ሠሪ ነበሩ። ሣጥኑን ከአንድ ነጋዴ ላይ በቅናሽ ሲገዙ አንድ እጀታ ጎድሎት ኖሯል። ናስ ስላልነበራቸው ብረት አግለው፣ የቀረውን እጀታ አስመስለው፣ የጎደለውን ለልጃቸው ሠሩላት። እናቴን ያጩላት ሽማግሌዎች ግን ለባሏ ወገኖች የነገሩት አባቷ አራሽ መሆናቸውን ነበር።

የዛሬ ተማሪ ይህ ለምን እንዳስፈለገ ላይገባው ይችላል። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፣ ያለ ማጭድ አያጭድም፤ ሆኖም ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራለትን ሰው «ቡዳ» እያለ ይሸሸው፣ ልጁንም ለጋብቻ ይጸየፍ ነበር። ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋም ከዚህ ስድብ አላመለጡም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። እናቴ ያገባችው አዋጁ ከወጣ ከ55 ዓመት በኋላ ነው። አዋጅ በአደባባይ ይነገራል፤ ጋብቻ የሚፈርሰው ግን በሹክሹክታ ነው።

«በሠርጉ በሦስተኛው ሳምንት የአባትህ እናት እጀታውን ትኩር ብለው ሲያዩት አየሁ» አለችኝ። «የመዶሻው ምት ያስታውቃል። ማታ ለአባትህ ነገርሁት። በማግስቱ አንድ ጣሳ ጥቁር ቀለም ገዝቶ መጣ።»

አባቴ እውነቱን ያውቅ ኖሯል ማለት ነው። ቀለሙን የገዛው ለእርሷ አዝኖ ይሁን ለራሱ አፍሮ፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ልቤ አልቆረጠልኝም። እናቴንም አልጠየቅኋት።

«አያቴስ ተቀብቶ አይተውታል?»

«አንድ ጊዜ ለፋሲካ መጥተው አይተውታል። እጃቸውን እጀታው ላይ አሳርፈው ቆዩና ‹ቀለሙ ያምራል፣ ልጄ› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወደዚህ ቤት አልመጡም።»

በዚያን ቀን ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በልጅነቴ የቤቱ ዕቃ ስንት ጊዜ ቦታ ሲለዋወጥ፣ የሣጥኑ ግራ ጎን ሁልጊዜ ከግድግዳ ጋር ይገጥም ነበር።

እጀታውን ለብቻው አፍልቼ ቀለሙን ሳወጣለት ሥራው ታየ። የናሱ እጀታ መካከሉ እንደ ገመድ የተገመደ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ስለሆነ ግምዱ ላይ ላዩን ነው። የአያቴ ብረት ግን በእውነት የተገመደ ነው። በወናፍ በተነፋ ከሰል ግሎ፣ አንደኛው ጫፍ በጉጠት ተይዞ፣ ሳይቀዘቅዝ ተጠምዝዟል። የዙሮቹ ርቀት እኩል ለመሆን ጥቂት ይቀራቸዋል። በጫፎቹ ላይ የመዶሻው ጠፍጣፋ ምቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

እርጥብ ብረት በአየር ላይ ከቆየ ወዲያው ስለሚዝግ ፈጥኜ አደረቅሁት፤ ከዚያም ለታችኞቹ የብረት ቀበቶዎች በገዛሁት አንቲረስትና ጥቁር ቀለም ልቀባው ስነሣ እናቴ ከለከለችኝ። «እርሱ ከእንግዲህ ቀለም አይነካውም። ሰም አምጣ» አለች። አባቷ የጨረሱትን ሥራ እንዲህ ያደርጉ እንደ ነበር ታስታውሳለች። እጀታውን በከሰል ላይ አሞቅነው። ሙቀቱን የለካችው እርሷ ናት፤ ምጣድ እንደምትፈትን ሁሉ ውኃ ጠብ ታደርግበታለች። ሰሙ መቅለጥ አለበት እንጂ መንደድ የለበትም። ልክ ሲሆን የሰሙን ጉብር በጉጠት ይዤ አሸሁበት። ጭሱ ተነሣ፤ ብረቱም እንደ ጥሩ ጥቁር ቆዳ ሆኖ ወዛ። እናቴ በሽታው ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ቆመች። ጭሱ ነው አለች።

የቀረው ሥራ ቀላል ነበር። የብረት ቀበቶዎቹን አንድ ጊዜ አንቲረስት፣ ሁለት ጊዜ ቀጠን ያለ ጥቁር ቀለም ቀባኋቸው፤ ወፍራም ቀለም ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ እየቀረ ይሸበሸባልና በየመካከሉ አንድ ቀን አስደረቅሁ። የሰፉትን የብሎን ቀዳዳዎች በእንጨት ስንጥርና በኮላ ደፈንሁ። ለናሱ ዕቃዎች የናስ ብሎኖች ገዛሁ፤ ብረትና ናስ በእርጥበት ሲነካኩ ብረቱ ፈጥኖ ይዝጋልና። ለአያቴ እጀታ ግን የራሱን አሮጌ የብረት ብሎኖች መለስሁለት። ምናለሽ ተራ የገዛሁት እጀታ እስከ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ይጫናል።

ሣጥኑን ወደ ቦታው ስናስገባ እንደ ልማዴ ግራ ጎኑን ወደ ግድግዳው አዞርሁት። እናቴ በእጇ ምልክት ሰጠችኝና ወደ በሩ መለስነው።

በመጪው ፋሲካ የአባቴ የእኅት ልጅ፣ አሁን እርሳቸውም አሮጊት የሆኑ፣ ሊጠይቁን መጡ። ቡና እየተጠጣ ሳለ ሣጥኑን አይተው «ይህኛው እጀታ ምነው ከዚያኛው ተለየ?» አሉ።

«አባቴ የሠሩት ነው። ብረት ሠሪ ነበሩ» አለች እናቴ፤ ስኒያቸውንም ተቀብላ ሁለተኛውን ቀዳችላቸው።

ሴትዮዋ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው እጀታውን አነሡት፤ ለቀቁትም። አሁን ያለ ችግር ይነሣል፣ ይወድቃል።