ትንሿ ጣት ስትደክም

የፎገራ ገበሬ ዕርፍ ሲያበጅ በጎረቤቱ ቁመት አይለካም። የራሱን ክንድና የራሱን ወገብ አይቶ ይቆርጣል፤ ቢረዝም ወይም ቢያጥር ማታ ወገቡ ይነግረዋል። ይህን የምናነሣው ስለ እርሻ ልንጽፍ ብለን አይደለም፤ ስለ ጽሕፈት ነው። ተማሪዎች ነንና ውሎአችንም አዳራችንም ከኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ ጋር ሆኗል። ታዲያ ይህ ሰሌዳ በማን ክንድ ልክ ተቆረጠ ብለን ብንጠይቅ ነውር አለው እንዴ?

እኛ አራታችንም የወረታና የአዲስ ዘመን ልጆች ነን። ለመመረቂያ ጽሑፋችን ስለ ጣራ ገዳም ደን፣ ስለ ጥዱና ስለ ወይራው፣ ከአካባቢው ሽማግሌዎች የሰበሰብነውን ቃል ከቴፕ ወደ አማርኛ ጽሑፍ ስንገለብጥ ከረምን። «ጣራ ገዳም» የሚለውን ስም ስንት ጊዜ እንደ ጻፍነው እግዜር ይወቀው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የአራታችንም ግራ እጅ ማቃጠል ጀመረ። አንዷ ጓደኛችንማ አንጓዋን በሻሽ ጠቅልላ ፈተና ገባች። እናቷ በስልክ «ወጌሻ ዘንድ ሂጂ» አሏት። ወጌሻው እጇን ያሽላት፤ ሰሌዳውን ማን ያሽልናል?

እስቲ አብረን እንቁጠር። እኛ የምንጠቀምበት የአማርኛ አቀማመጥ በድምፅ የሚሄድ ነው፤ ተነባቢውን በላቲኑ ቁልፍ መትተን አናባቢውን እናስከትላለን፤ ሳድስ ሲሆን ተነባቢው ብቻውን ይበቃል። ጣ ለማለት ቲ እና ኤ፣ ራ ለማለት አር እና ኤ ማለት ነው። «ጣራ ገዳም» በዚህ መንገድ ዘጠኝ ምት ይፈልጋል። ከዘጠኙ ስምንቱ የግራ እጅ ናቸው፤ ቀኝ እጅ የምትነካው መጨረሻ ላይ ያለችውን ም ብቻ ነው። «ወረታ» ስድስት ምት ናት፤ ስድስቱም የግራ። «ፎገራ» ከስድስቱ አምስቱ የግራ። ርብ ወንዝ እንኳ በሁለት ምት ሲያልቅ ሁለቱም የግራ ናቸው። ደግነቱ ሊቦ ከምከም አለ፤ ከአሥሩ ሰባቱን ለቀኝ ሰጥቶ ትንሽ ያሳርፈናል!

ችግሩ የግራና የቀኝ ብቻ አይደለም። ራብዕን የምታወጣው ቁልፍ የተቀመጠችው ከግራው ትንሿ ጣት ሥር ነው። አማርኛ ደግሞ ያለ ራብዕ አንድ መስመር አይራመድም፤ በ«ጣራ ገዳም» ውስጥ ብቻ ሦስት ጊዜ ይመጣል። የግራው ሺፍትም የዚችው ጣት ነው። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመሻገር የምንጫናቸው ኦልትና ሺፍትም በዚያው በኩል ናቸው። ከአሥሩ ጣት ደካማዋን መርጠን ከባዱን ሸክም አሸከምናት ማለት ነው።

ከላይ በኩል የተደረደሩት የኤፍ ቁልፎችስ? የመጀመሪያው የአይ ቢ ኤም ፒሲ በ1981 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አሥሩን ቁልፎች በግራ ጎን በሁለት ረድፍ ይዞ ነበር፤ እጅ ከፊደሉ ብዙ ሳይርቅ ይደርስባቸዋል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቁጥራቸው ዐሥራ ሁለት ሆነና ወደ ላይኛው ረድፍ ወጡ። ዛሬ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ቀጥነው ከድምፅና ከብርሃን ማስተካከያ ጋር አንድ ቤት ተዳብለዋል። በፓወርፖይንት ኤፍ 5 ተጭኖ ገለጻ ለመጀመር የፈለገ ሰው በስንቱ ማሽን መጀመሪያ ኤፍ ኤን የምትባለውን ቁልፍ መያዝ አለበት። እሷም የት ናት? ከታች፣ በግራ ጥግ!

የቁም ጸሐፊዎቻችንን አሠራር ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። ጸሐፊው ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲቀመጥ፣ የጥቁሩንና የቀዩን ቀለም ቀንድ ክንዱ ሳይዘረጋ በሚደርስበት ቦታ መሬት ላይ ይተክላል። ከጥቁር ወደ ቀይ መሻገር ለእሱ የተግባር ቁልፍ እንደ መጫን ነው፤ ግን ቀንዱን የተከለው ራሱ፣ በራሱ ክንድ ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው የመሣሪያውን ቦታ ሌላ እንዲወስንለት አይፈቅድም።

የኛ ሰሌዳ ግን ከሩቅ የመጣ ነው። የዛሬው የላቲን ቁልፍ ድርድር መሠረት በ1874 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለገበያ የወጣው የሾልስ የጽሕፈት መኪና ነው። ኦገስት ድቮራክ በ1936 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝኛ ይቀላል ያለውን ሌላ ድርድር በፓተንት አስመዘገበ፤ የለመደ ጣት ግን አሻፈረኝ አለ። በኛም አገር ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን የጽሕፈት መኪና ላይ ለማውጣት ደከሙ፤ ከሁለት መቶ በላይ የሆነ ፊደል በጥቂት ቁልፍ ስለማይገባ ፊደሉ ከቁርጥራጭ ይገጣጠም ነበር። ዶክተር አበራ ሞላ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር አበቁት። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ቦታውን ያዘ። እንግዲህ ፊደሉ ገብቷል፤ የቀረው እጃችን ነው።

«ተማሪ ሁሉ ጣቴን አመመኝ ካለ መጽሔት ምን ሊተርፈው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ግን ነገሩ ከጣት ያልፋል። በምንጠቀምበት አቀማመጥ ሐ ሺፍት ትፈልጋለች፤ ሠ ኤስን ሁለት ጊዜ መምታት ትፈልጋለች። የደከመ እጅ ምን ያደርጋል? ባሕር ዳርን «ባህር ዳር»፣ ሠራዊትን «ሰራዊት» ብሎ ያልፋል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይኑሩ እያሉ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ተከራክረዋል፤ እኛም ዶርም ውስጥ እንከራከራለን፤ አራታችንም በዚህ አንስማማም። በአንድ ነገር ግን እንስማማለን፦ ፊደል የሚቀረው ወይም የሚኖረው በክርክር ተረትቶ ወይም ረትቶ ይሁን እንጂ ትንሿ ጣት ስለ ደከመች አይሁን።

ደግሞ ስለ ራሳችን ብቻ አናስብ። እኛ ተመርቀን እንወጣለን። በየከተማው ማመልከቻና ውል እየጻፉ የሚኖሩ እህቶቻችን ግን ይህን ሰሌዳ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይውላሉ። የገበሬው አቤቱታ፣ የመሬቱ ጉዳይ፣ የልጁ ማስረጃ በእነሱ ግራ እጅ በኩል ያልፋል።

ስለዚህ የቋንቋና የኮምፒውተር ትምህርት የምትከታተሉ ጓደኞቻችን ሆይ፣ አንድ ሥራ እንካችሁ። ከመጽሔታችን አንድ ገጽ ውሰዱና ስንቱ ምት የግራ፣ ስንቱ የቀኝ፣ ስንቱ የትንሿ ጣት እንደ ሆነ ቁጠሩ። ከዚያ ራብዕን ወደ ጠንካራ ጣት አምጡልን፤ ሐንና ሠን በአንድ ምት ስጡን፤ ቋንቋ መለወጫውን ደግሞ ሥራ ከሌለው አውራ ጣት ሥር አስቀምጡት። ቁልፍን በፕሮግራም ቦታ ማስለወጥ ዛሬ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትና የቆጠራ ወረቀት ይበቃል። እኛ የጣራ ገዳምን ስምንት ለአንድ ቆጥረን አስረክበናል። የቀረውን ዕርፍ እናንተ ቁረጡት፤ በኛው ክንድ ልክ።