ከምግብ በኋላ

የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ያስተማረኝ ፊደል ማስቆጠርና የተማሪን ደብተር ማረም ነበር። እዚህ ካኩማ ግን የምሽት ሥራዬ የመድኃኒት ፖስታ ማንበብ ሆኗል። ሰው ከክሊኒክ ሲመለስ ትንሿን የወረቀት ፖስታ ይዞ ከደጄ ይቆማል። በላይዋ «2×3» ተጽፎባት ይገኛል፤ ሁለት ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሠራተኛ ደግሞ በስዋሂሊ «ባዳ ያ ቻኩላ» ብሎ ይጨምራል፤ ከምግብ በኋላ ማለቱ ነው። ቁጥሩ ተጽፏልና ቤት ይደርሳል፤ ቃሉ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ቤት ቢደርስም አማኙ ጥቂት ነው። አባቶቻችን ኮሶን ማልደው፣ እህል ሳይቀምሱ ይጠጡ ነበር፤ እስኪያሽርም ድረስ ምግብ አይነኩም። ለኮሶ ትል ነገሩ ልክ ነበር። እኛ ግን ትሉን ትተን ሥርዓቱን ብቻ የወረስን ይመስለኛል፤ ብርቱ መድኃኒት ሁሉ ባዶ ሆድ ይወዳል የሚል እምነት ይዘን ድንበር ተሻገርን።

እስቲ የወባውን ኮአርተም እንውሰድ፤ ያልገባበት ቤት የለምና። አንዱ ፍሬ ሁለት መድኃኒት ይዟል፤ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን ይባላሉ። የመጀመሪያው ተውሳኩን ፈጥኖ ይመታል፤ ሁለተኛው በደም ውስጥ ሰንብቶ የቀረውን ይለቅማል። ችግሩ ሉሜፋንትሪን በውኃ የማይሟሟ፣ ቅባት የሚፈልግ መሆኑ ነው። ቅባት አንጀት ሲደርስ ሐሞት ይፈሳል፤ ሐሞቱ ቅባቱን ያደቅቀዋል፤ መድኃኒቱም ከዚያው ጋር ሟሙቶ ወደ ደም ያልፋል። በጤነኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲዋጥ ወደ ደም የገባው ሉሜፋንትሪን በባዶ ሆድ ሲዋጥ ከገባው 16 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ 24ቱን ፍሬ በሦስት ቀን ቆጥሮ የጨረሰ ሰው እንኳ፣ ቅባት ካላገኘ፣ አብዛኛውን ሳይጠቀምበት ሊያስወጣው ይችላል ማለት ነው። ወባው ሲመለስም መድኃኒቱ «ውኃ ነው» ይባላል።

ባለፈው የዝናብ ወራት አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን በወባ ተይዘው፣ ፖስታውን ከትራስ ሥር አድርገው ተኝተው አገኘኋቸው። ከጠዋት ጀምሮ አልዋጡም። «እማማ፣ ስለ ምን?» ብላቸው፣ «መምህር፣ ከምግብ በኋላ ዋጪ ተባልሁ፤ ምግቡ መቼ እንደሚመጣ ግን አልነገሩኝም» አሉኝ። ራሽኑ ካለቀ ሰንብቶ ነበር። ትእዛዙን እሳቸው ፈጽመዋል፤ ያልተፈጸመው የሌላው ወገን ነው።

ወባ ግን ራሽን አይጠብቅም። ምግብ የለም ብሎ ኮአርተምን ማቆየት በባዶ ሆድ ከመዋጥ የከፋ ነው። ደግሞም የሚያስፈልገው ቅባት ጥቂት ነው፤ ድግስ አይደለም። አንዷ ጎረቤት ወተት አመጣች፤ ጾም ነበርና እማማ አልቀመሱም። ሌላዋ የበቆሎ አጥሚት አፍልታ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨመረችበት፤ እሱን ጠጥተው አራቱን ፍሬ ዋጡ። ከመስኮቱ ወዲያ ላሉት ሠራተኞች ያለኝ ልመና አንድ ነው፤ «ባዳ ያ ቻኩላ» ከማለታቸው በፊት ዛሬ ማታ በቤት ምን አለ ብለው ይጠይቁ።

ሁሉም «ከምግብ በኋላ» አንድ ዓይነት አይደለም። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ምግብ የሚሹት ጨጓራን እንዳያስቆጡ ነው፤ ሕመምን የሚያስታግሡበት መንገድ የጨጓራን መከላከያ ልባስም ያሳሳልና። ይህ ጉዳት በደም በኩልም ስለሚመጣ ምግብ ማለዘቢያ እንጂ መከታ አይሆንም፤ ጨጓራው የቆሰለ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ከሁሉ በላይ ውኃ ይፈልጋል። የውኃው ሰልፍ አማርሮን በምራቅ የምንውጠው እንክብል በምግብ ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል፤ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ጠጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው እንጂ ውጦ መጋደም አይገባም። የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን ብቻ የኮሶን ጠባይ ይዞ፣ ምግብ ከመቅመስ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢዋጥ ይመርጣል። ሆድ ያገላበጠው ሰው ግን መድኃኒቱን ከማቋረጥ ይልቅ ከቀላል ምግብ ጋር ስለ መውሰድ የጤና ሠራተኛውን ያማክር።

የቀረው ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ክኒን ነው። ሻይና ቡና ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ስለሚያስቀሩት፣ ክኒኑ ከስኒው ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ ብዬ በአንድ የቡና ቁርስ ላይ ብናገር፣ «ቤታችንን ትተን መጣን፤ መምህር ደግሞ ቡናችንን ሊወስድብን ነው» ተብሎ ተሳቀብኝ። ክኒናቸውን ወደ መኝታ ሰዓት ያዛወሩ ሁለት እናቶች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ቡናው እንዳለ ነው።